መጀመሪያ ለባለቤትህ መነጽር ግዛላት

ወንድሜ፣ «ከደሴ ብዙ ሳንርቅ ቅዳሜና እሁድ ከባለቤቴ ጋር የወፍ ፎቶ ማንሳት አምሮኛል፤ 400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ልግዛ ወይ? እሷን እንዳይሰለቻትስ ምን ላድርግ?» ብለህ ጠይቀሃል። ከሁለተኛው ልጀምር፤ የሚሰለቻት ሚስት እኔ ነበርኩና።

ባለቤቴ ካሜራ የገዛ ሰሞን የእኔ ድርሻ ፔርሙዝ መሸከም ነበር። እሱ ያነጣጥራል፣ እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ «አልጨረስክም?» እላለሁ። ነገሩ የተለወጠው ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። ገዳሙ ሴት አያስገባምና እሱ ሊሳለም ሲገባ እኔ ከነቦርሳው ውሃው ዳር ቀረሁ። ቢጨንቀኝ አቅራቢ መነጽሩን አውጥቼ ዓይኔ ላይ ባደርገው፣ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር የሆነ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ከውሃው በላይ አየር ላይ ቆሟል። ክንፉ ይርገበገባል፤ ጭንቅላቱ ግን ንቅንቅ አይልም። ከዚያ ቁልቁል ተወረወረ። ዓሣውን ይዞ ደረቅ ግንድ ላይ አረፈ፣ ግራና ቀኝ እያላተመ ገደለው፣ በጭንቅላቱ በኩል አዙሮ ዋጠው። ባለቤቴ ሲመለስ ወፉ ሦስቴ ወደዚያው ግንድ እንደመጣ ነገርኩት። ሌንሱን ግንዱ ላይ አስተካክሎ ጠበቀ፤ በአራተኛው አገኘው። ሳሎናችን የተሰቀለው ፎቶ ያ ነው። እሱ «የእኔ ፎቶ» ይላል፣ እኔም ዝም እላለሁ።

ስለዚህ አብሽር፤ ስምንት እጥፍ የሚያቀርብ መነጽር ለእሷ ግዛላት፣ ማስታወሻ ደብተሩንም እሷ ትያዝ። ፔርሙዙን አንተ ተሸከም። 400 ሚሊ ሜትሩ ይበቃሃል። ለሚበር ወፍ የካሜራውን የመዝጊያ ፍጥነት ከ1/1000 ሰከንድ አታውርደው፤ 1/2000 ከሆነ ይሻላል።

ሐይቅ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ማለዳ ደርሳችሁ ምሳ ቤታችሁ ትበላላችሁ። ጎረቤቱ የአርዲቦ ሐይቅ ጸጥ ያለ ነው፤ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ስትወርዱ የጨፋ ረግረግ አለላችሁ። በበጋ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ወደ ረግረጉ ያመጣሉ፤ ሳቢሳውም ከከብቱ እግር ሥር አይጠፋም። ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚመጡትንም ወፎች ከመስከረም እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ፈልጓቸው። እዚያ ባለቤቴን ብዙ ያናደደው ነገር ነበር፦ ጥቁር በሬ አጠገብ የቆመ ነጭ ሳቢሳ ሲያነሳ፣ ካሜራው ጥቁሩን አይቶ ብርሃን ይጨምርና ላባው ኖራ የተቀባ ግድግዳ ይሆናል። ብርሃኑን አንድ እርከን ቀንሰው። ሰማይ ላይ ለሚበር ቁራ ደግሞ ጨምርለት፤ አለዚያ ጥላውን ብቻ ይዘህ ትመለሳለህ።

የቦረና ሳይንት ፓርክ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ስላለው ያጓጓል፤ ግን የሁለት ቀን ነገር አይደለም፣ ለዓመት ፈቃዳችሁ አቆዩት። እስከዚያው ከቤታችሁ ደጅ ጀምሩ። ደሴ ላይ ንጋት ሲሆን እየጮኸች የምታልፈውን፣ ምንቃሯ ወደ ታች የቆለመመውንና ጉሮሮዋ ላይ ቀጭን ሥጋ የተንጠለጠለውን ወፍ ልብ ብለሃት ታውቃለህ? ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ የትም የለችም። እኛ ግን ከእንቅልፍ ስለምትቀሰቅሰን እንራገማታለን።

አንድ ነገር ልጨምር። ረጅም ሌንስ ከሩቅ ሲያዩት ሌላ ነገር ይመስላል፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ከመሄዳችሁ በፊት መንገዱን ጠይቁ፣ ስትደርሱ ለአካባቢው ሰው ሰላምታ ሰጥታችሁ የመጣችሁበትን ተናገሩ። እኛ ይህን ሳናደርግ አርዲቦ ላይ አንድ ጠባቂ ጠመንጃውን አንግቶ መጣና «ምንድን ነው የምታነሱት?» አለን። ባለቤቴ ማስረዳት ሲጀምር መነጽሩን ለሰውየው ሰጠሁትና ዛፉ ጫፍ ላይ ወዳለው ዓሣ በል ንስር ጠቆምኩት። አየ። ዝም አለ። ንስሩ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ ሲጮህ «ኧረ ምላሱ ይታያል!» አለ። መነጽሩን የመለሰልን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ሁለት ቡና ጠጣን።