መብራት ሲጠፋ ሥራ እንዳይቆም፦ የላፕቶፕ፣ የፓወር ባንክና የራውተር ጥያቄና መልስ

ቮልቴጅ (መላሽ)፦ እንጀምር። ስትጠይቁ ሦስት ነገር ጻፉልኝ፦ ሥራችሁ ምን እንደሆነ፣ የግድ የሚያስፈልጋችሁ ፕሮግራም የቱ እንደሆነ፣ ሰፈራችሁ መብራት ሲጠፋ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ። ዋጋ አትጠይቁኝ፤ ጠዋት የተባለው ከሰዓት አይሠራም።

ሰሚት ሰፈር፦ ጥሩ ላፕቶፕ የቱ ነው?

ቮልቴጅ፦ ከላይ ያለውን አንብብና ተመለስ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ሥራዬ ፒችትሪ (የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም) እና ኤክሴል ነው። መብራት በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይጠፋል፣ አንዳንዴ እስከ አራት ሰዓት ይቆያል። ያገለገለ ላፕቶፕ ልገዛ ነው፣ ምን ትመክረኛለህ?

ቮልቴጅ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ! የሌኖቮን ቲንክፓድ ቲ480 ፈልጊ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ነው፣ ለፒችትሪ ግን ከበቂ በላይ ነው። እሱን የመረጥኩት በባትሪው ነው። አንዱ ባትሪ ውስጥ የተቀበረ 24 ዋት-አወር ነው (ዋት-አወር ባትሪው የሚይዘው ኃይል ነው፤ ዕቃው ለሚበላው ዋት ስታካፍዪው ሰዓቱን ይሰጥሻል)፤ ሌላው ከሥር የሚነቀል ሲሆን 24፣ 48 ወይም 72 ዋት-አወር ይሆናል። የውስጠኛው ቻርጅ ካለው፣ ላፕቶፑን ሳታጠፊ የውጪውን ነቅለሽ ሌላ መሰካት ትችያለሽ። ራሙም (የሥራ ሜሞሪው) ሁለት ማስገቢያ አለው፤ 8 ጊጋ ቢሆን በኋላ ትጨምሪበታለሽ።

የፕሮሰሰሩ ቁጥር በ8 መጀመሩን እዪ፣ ማለትም 8250 ወይም 8350። ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች ያለውን ዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበለውም፤ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። «ቲ480ኤስ»ም አለ፣ ስሙ እንዳያሳስትሽ፤ እሱ ቀጭኑ ነው፣ ባትሪው ከውጭ አይነቀልም፣ ከራሙም ከፊሉ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው።

ብር ከመክፈልሽ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ሦስት ነገር አድርጊ። የዊንዶውስን የባትሪ ሪፖርት አስወጪና «ዲዛይን ካፓሲቲ»ን (አዲስ ሳለ የሚይዘውን) ከ«ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ» (አሁን ከሚይዘው) ጋር አስተያዪ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው 70 በመቶ በታች ከሆነ የባትሪ ዋጋ አስቀንሺ። ቀጥሎ ቻርጀሩን በሁለቱም የዩኤስቢ ሲ ቀዳዳዎች ተራ በተራ ሰክተሽ እዪ። ይህ ሞዴል የታወቀ የተንደርቦልት ፈርምዌር (ከዩኤስቢ ሲ ቀዳዳዎቹ አንዱን የሚያሠራ የውስጥ ሶፍትዌር) ችግር አለበት፤ ሌኖቮ ማስተካከያ አውጥቷል፣ ያልተጫነበት ግን ቆይቶ ቀዳዳው ሊበላሽ ይችላል። በመጨረሻ ሲነሳ ኤፍ 1ን ተጫኝ፣ የማሽኑ ዋና ሴቲንግ (ባዮስ) ይከፈታል። ፓስወርድ ከጠየቀሽ ትተሽው ውጪ። ሻጩ «እናስከፍተዋለን» ቢልሽም ትተሽው ውጪ።

ፖም ወዳጅ፦ የአፕሉ ማክቡክ ኤር ኤም 1 እያለ በዚህ ዘመን ቲ480? አያሳዝንም?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ፒችትሪ ማክ ላይ ይሠራል እንዴ?

ፖም ወዳጅ፦ ዊንዶውስን በፓራለልስ (ማክ ውስጥ ዊንዶውስ በሚያስነሳ ፕሮግራም) ትጭኚያለሽ።

ገልባጩ፦ እና በ8 ጊጋ ራም ሁለት ሲስተም? ያውም ራሙ የማይጨመር? በል እንግዲህ።

ፖም ወዳጅ፦ የኤም 1 8 ጊጋ የዊንዶውስ 16 ጊጋ ማለት ነው።

ቮልቴጅ፦ 8 ጊጋ 8 ጊጋ ነው፣ እሱን ተወው። ለጽሑፍ፣ ለትርጉም፣ ለፎቶ ሥራ ከሆነ ማኩ በባትሪ ቆይታ ያሸንፋል፤ ባትሪው 49.9 ዋት-አወር ብቻ ሆኖ ቀኑን ሊያውልህ ይችላል፣ ምክንያቱም የሚጠጣው ዋት ትንሽ ነው። ሴትዮዋ ግን ፒችትሪ ብላለች፤ ኢታብስ ወይም ሬቪት (የሕንፃ ዲዛይን ፕሮግራሞች) የሚሠራም እንዲሁ ዊንዶውስ ነው የሚያስፈልገው። ያገለገለ ማክ የምትገዙ፣ የሻጩ አፕል አካውንት መውጣቱን ሳታዩ፣ «ሪሞት ማኔጅመንት» የሚል ገጽ (ማኩ አሁንም በድርጅት ቁጥጥር ሥር ነው ማለት ነው) አለመምጣቱን ሳታረጋግጡ አትክፈሉ። ቀጣይ።

ቤት ሆኜ፦ ላፕቶፔ ባትሪ አለው፣ የፋይበር ኢንተርኔቴ ግን መብራት ሲሄድ ይቋረጣል። ባለ 650 ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚተካ ሳጥን) ልግዛ?

ቮልቴጅ፦ አትግዛ! 650 የሚለው ቪኤ ነው፣ በአንዴ የሚሸከመውን ጭነት እንጂ ሰዓት አይነግርህም። ሰዓቱን የሚነግርህ ውስጡ ያለው ባትሪ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 12 ቮልት 7 አምፒር-አወር ሊድ አሲድ ነው፣ በወረቀት 84 ዋት-አወር። ዩፒኤሱ ይህንን 12 ቮልት ወደ 220 ያወጣዋል፣ የራውተርህ አዳፕተር ደግሞ መልሶ 12 ያደርገዋል። ሁለቴ ኪሳራ ነው፤ 12ቱን ወደ 220 የሚቀይረው ኢንቨርተር ራሱም ሥራ ሳይኖረው ይበላል። እንዲህ ያለ ባትሪ ደጋግሞ እስከ ታች ሲወርድ ደግሞ ቶሎ ይሞታል። ዩፒኤስ የዴስክቶፕ ዕቃ ነው፣ ፋይልህን ሴቭ አድርገህ ለማጥፋት የሚበቃ ደቂቃ ይሰጥሃል።

ለራውተር የሚሆነው ሚኒ ዲሲ ዩፒኤስ ነው፤ ሊቲየም ባትሪ ያለው፣ 12 ቮልቱን በቀጥታ የሚሰጥ ትንሽ ሳጥን። 8,800 ሚሊ አምፒር የሚለው በ3.7 ቮልት ሲባዛ 32 ዋት-አወር ገደማ ነው፣ ኪሳራው ሲቀነስ 27 በለው። ራውተርህ 8 ዋት ቢበላ ሦስት ሰዓት ከምናምን ያቆይሃል። ፋይበሩ የሚገባበት ሳጥንና ዋይፋዩ ለየብቻ ከሆኑ ሁለቱንም ማብራት አለበት፣ ሰዓቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። አዳፕተርህ ላይ ምን ተጽፏል?

ቤት ሆኜ፦ አውትፑት 12 ቮልት፣ 1.5 አምፒር ይላል።

ቮልቴጅ፦ እንግዲያው 12 ቮልት 2 አምፒር የሚሰጥ ግዛ። ባለ 1 አምፒሩን ብትገዛ ሲሰካ ይበራል፣ ቤተሰቡ ሁሉ ዋይፋይ ላይ ሲወጣ ግን ራውተሩ እየጠፋ ይነሳል፣ አንተም ኔትወርኩን ትሳደባለህ። ጃኩንም (የገመዱን ጫፍ መሰኪያ) ለካ። 5.5 በ2.1 ሚሊሜትርና 5.5 በ2.5 ከውጭ አንድ ናቸው፤ ልዩነቱ መሐል ያለው ቀዳዳ ነው። 2.1 ጃክ 2.5 መርፌ ያለው ራውተር ላይ አይገባም። 2.5 ጃክ 2.1 መርፌ ላይ ይገባል፣ ግን ይላላል፤ ጠረጴዛው ሲነካ መቋረጥ ይጀምራል። ራውተርህን ይዘህ ሄደህ ሱቁ ውስጥ ሞክረው።

ድምፃዊ፦ 30,000 ሚሊ አምፒር ፓወር ባንክ ላፕቶፕ ስንት ሰዓት ያቆያል?

ቮልቴጅ፦ ሚሊ አምፒር አትንገሩኝ፣ ዋት-አወር ንገሩኝ! ጀርባው ላይ ካልተጻፈ ሚሊ አምፒሩን በ3.7 አባዙና ለ1,000 አካፍሉ። ለምሳሌ 20,000 ማለት 74 ዋት-አወር ነው፤ ላፕቶፕ ጋ የሚደርሰው ወደ 60። ኤክሴልና ብሮውዘር ከ12 እስከ 15 ዋት ይበላሉ፣ ስለዚህ ከ20,000ው አራት ሰዓት ገደማ ታገኛለህ፤ ያንተ 30,000 የዚያ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ቪዲዮ ኤዲቲንግ ከሆነ ግን እሱን እርሳው።

ይህም ፓወር ባንኩ ላፕቶፕ ቻርጅ ማድረግ ከቻለ ነው። «22.5 ዋት ፋስት ቻርጅ» የስልክ ነው። ጽሑፉ ላይ «ፒዲ» (በዩኤስቢ ሲ ከፍ ያለ ኃይል የመስጫ ስልት) እና «20 ቮልት» የሚል ፈልግ፣ ቢያንስ 45 ዋት፣ ቢቻል 65። ገመዱም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ተራው የዩኤስቢ ሲ ገመድ 3 አምፒር፣ ማለትም 60 ዋት ነው የሚያሳልፈው፤ ከዚያ በላይ ለማግኘት 5 አምፒር የተጻፈበት ያስፈልጋል። መዳፍ የምታህል ቀላል ዕቃ 50,000 ተብሎ ከተጻፈባት ውሸት ነው።

ሰሚት ሰፈር፦ ለላፕቶፕ ጥሩ ፓወር ባንክ የቱ ነው?

ቮልቴጅ፦ ወንድሜ፣ አንድ መልስ ብቻ ወደ ላይ።

ከሜሪላንድ፦ ጤና ይስጥልኝ። ለወንድሜ ፓወር ባንክ፣ ዩፒኤስና ፕሪንተር ይዤ ልመጣ ነበር።

ቮልቴጅ፦ እንኳን ደህና መጡ። ዩፒኤሱን ይተዉት፤ የአሜሪካው ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፣ እዚህ 220 ነው። ፕሪንተሩ ላይ «ኢንፑት 100-240» ካላለ እሱንም ይተዉት፣ በሰኩበት ቀን ይቃጠላል። የላፕቶፕና የስልክ ቻርጀር አብዛኛው 100-240 ነው፣ ሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃዋል። ፓወር ባንኩን በእጅ ሻንጣ ይያዙ እንጂ በሚጫነው ውስጥ አያስገቡ፤ ከ100 ዋት-አወር በላይ ከሆነ የአየር መንገዱ ፈቃድ ያስፈልጋል። 27,000 ሚሊ አምፒሩ 99.9 ነው፣ ያልፋል።

ተርጓሚ፦ ለአማርኛ ጽሑፍ የቱ ኪቦርድ ይሻላል?

ቮልቴጅ፦ የኔ መስክ አይደለም። ኪይማን የሚባለውን የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ጫን።

ገልባጩ፦ ፓወር ግዕዝን (ሌላውን የአማርኛ መጻፊያ) የለመደ እጅ ወደ ኪይማን አይመለስም።

ተርጓሚ፦ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ፋይል ስልክ ላይ ስከፍተው ዝባዝንኬ ነው የሚሆነው።

ገልባጩ፦ ዩኒኮድ (በየትኛውም ዕቃ ላይ የሚነበበው የፊደል ሥርዓት) ያልሆነውን ፎንት መርጠህ ነዋ! ዩኒኮዱን ምረጥ።

ተርጓሚ፦ መሥሪያ ቤቱ የሚልከው የድሮ ፋይል ሁሉ በዚያ ፎንት ነው፣ እኔ ምን ልምረጥ?

ቮልቴጅ፦ ይህን ለብቻችሁ ጨርሱት። የመጨረሻ ጥያቄ።

መገናኛ፦ ቻርጅ ላይ ሳለ የላፕቶፑ ብረት እጄን ይነዝረኛል። ተበላሽቶ ነው?

ቮልቴጅ፦ ላይሆን ይችላል። አዳፕተሩ ውስጥ ትርፍ ሞገድ ወደ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው የደኅንነት ገመድ) የሚያወርዱ ካፓሲተሮች የሚባሉ ዕቃዎች አሉ። ኧርዝ ከሌለ ያቺ ትንሽ ከረንት በብረቱ በኩል ወደ እጅህ ትመጣለች። ከቻርጀር ስትነቅለው ከተወህ ነገሩ ይኸው ነው። ባለ ሦስት እግር ገመድ ከሆነ በባለ ሁለቱ ዲቫይደር አትሰካው፤ ኧርዙን እዚያው ቆረጥከው ማለት ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት የኧርዝ ብረት እያለውም ገመዱ ከኋላ ሳይገናኝ የቀረበት ቤት ብዙ ነው፤ ኤሌክትሪሺያን ጠርተህ በቴስተር አስለካው፣ ራስህ አትክፈተው። ቀላል መንዘር ሳይሆን የሚመታ ከሆነ ግን ቻርጀሩን ዛሬውኑ ጣለው።

ሰሚት ሰፈር፦ ሥራዬ አውቶካድ (የንድፍ መሣያ ፕሮግራም) ነው፣ መብራት ሁለት ሰዓት ይጠፋል። አሁንስ?

ቮልቴጅ፦ ባለ ሁለት ዳይሜንሽን ነው ወይስ ሦስት?