የድሮ ድልድይ ሲጸዳ የአርኪዮሎጂ ክትትል፦ ጥያቄና መልስ (ጠያቂዎቹ በቅጽል ስማቸው)

ሰርቬየሩ፦ መምህር፣ እንደ ዓለታ (ጢስ ዓባይ) ባለ የድንጋይና ኖራ ድልድይ ላይ የበቀለ ሾላ እንዴት ይነሳ?

መልስ፦ አይነቀልም! ሥሩ በድንጋዮቹ መካከል ገብቶ ቅስቱን አጥብቆ ይዞት ይሆናል፤ በገመድ ከተጎተተ ድንጋዩን ይዞ ይወጣል። በእጅ መጋዝ ጉቶ አስቀርታችሁ ቁረጡ፣ የሚያቆጠቁጠውን እየተከታተላችሁ መልምሉ። ሥሩ ሞቶ ሲበሰብስ ክፍተቱን በኖራና አሸዋ፣ 1 ለ 3፣ ሙሉ። ሲሚንቶ አታስገቡ፤ እርጥበቱን ውስጥ ስለሚያስቀር የቆየው ኖራ ይላሽቃል።

አባይ ማዶ፦ ደለሉን በኤክስካቫተር (በመቆፈሪያ ማሽን) ብናነሳስ?

መልስ፦ ጥርስ በሌለው ባኬት (የማሽኑ አካፋ)፣ በአንድ ጊዜ ከ10 ሳ.ሜ. ሳይበልጥ። ከድልድዩ እግር 2 ሜትር ዙሪያ በእጅ ብቻ፣ ከመሠረቱ በታች ደግሞ ፈጽሞ አይቆፈርም፤ ክረምት ሲገባ ውኃው እግሩን ይሸረሽረዋል። ሥራውን የሚከታተለው የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ማሽኑን የማስቆም ሥልጣኑ በውሉ ይጻፍለት። ካልተጻፈ ኦፕሬተሩ የሚሰማው ፎርማኑን ነው።

ከደለሉ የሚወጣ የተጠረበ ድንጋይ ፍርስራሽ አይደለም፣ የድልድዩ አካል ነው። በአንድ ጫፉ ከጠበበ የቅስት ድንጋይ ሊሆን ይችላል። ሳይነሳ ከመለኪያ ጋር ፎቶ፣ ቦታው በፕላን ላይ፣ ቁጥሩ በጠመኔ። በቀለም አትጻፉ። ዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ ቅስቱ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተሰብሯል፤ እንዲህ ባለ ቦታ የወደቀው ድንጋይ የት እንደተገኘ ካልተመዘገበ መልሶ መግጠም በግምት ይሆናል። ደለሉን በ5 ሚ.ሜ. ወንፊት ንፉት፣ ወንዙ ውስጥ አትድፉት።

ጎንደሬው፦ ኖራው በእንቁላል ተቦክቶ የለም እንዴ?

ጣና፦ የፖርቱጋሎች ሥራ ነው እኮ!

ጎንደሬው፦ ድንጋዩን የጠረበው፣ ኖራውን ያቃጠለው ያገሬው ሰው አይደለም?

መልስ፦ ዓለታ በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በሱስንዮስ ዘመን ተሠራ። እንቁላል እንዳለበት ለማወቅ የኖራውን ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ላኩ፤ ናሙናውም ከወደቀ ድንጋይ ላይ ይወሰድ፣ ከቆመው ግድግዳ አትፈልፍሉ። ወደ ጽዳቱ እንመለስ።

ጣና፦ ቅርስ ቢገኝስ?

መልስ፦ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ 209/1992 አንቀጽ 41ን አንብቡ። ወዲያው ለቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅ፣ እስኪረከብ መጠበቅ። በ6 ወር ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደ ለክልሉ በጽሑፍ አሳውቆ ከኃላፊነት መውጣት ይቻላል።

አዲስ ገቢ፦ ስንት ያስወጣል?

መልስ፦ የቱ ድልድይ? ርዝመቱ፣ የደለሉ ጥልቀት፣ የመኪና መንገዱ? ያለዚህ መልስ የለኝም።

አዲስ ገቢ፦ ትናንሽ ቁጥቋጦዎችስ ይነቀሉ?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። ሥር አይነቀልም! ትንሹም ቢሆን በመቀስ ይቆረጥ።

ሰርቬየሩ፦ መቼ እንጀምር?

መልስ፦ ውኃው ሲጎድል፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ። የበልግ ዝናብ ሳይመጣ የወጣውን ድንጋይ ጎርፍ ከማይደርስበት ቦታ በቁጥሩ ደርድሩ።