«ኸርት» ሲባል ያመመው ማን ነው? የጎዳውስ?

ጥያቄ፦ በሥራዬ ምክንያት በእንግሊዝኛ መጻጻፍ ይበዛብኛል። ባለፈው ሰሞን እግሬን እያመመኝ ስለ ተቸገርኩ ለአለቃዬ «አይ ኸርት ማይ ሌግ» ብዬ ጻፍኩላቸው። እሳቸው ግን ደንግጠው የት እንደ ወደቅሁ ጠየቁኝ። የወደቅሁበት ቦታ የለም፤ ያለ ምንም አደጋ ነው የሚያመኝ። የቃሉን ትርጉም አውቃለሁ ብዬ ነበር። «ፔይን» ብል ይሻለኝ ነበር?

መልስ፦ ቃሉን አልሳቱም፤ የጻፉት ዓረፍተ ነገርም በሰዋስው ረገድ እንከን የለበትም። የተናገረው ግን እርስዎ ያሰቡትን አይደለም። በአማርኛ «እግሬን ያመኛል» ስንል እግር ተሳቢ ነው፤ ታማሚውም በግሡ ጫፍ ላይ «ኝ» ሆኖ ተለጥፎ እንደዚሁ ተሳቢ ነው። የሚያመው ነገር ምን እንደ ሆነ አይነገርም፣ ባለቤቱ የት አለ ብሎ የሚጠይቅም የለም። እንግሊዝኛ በአንጻሩ ከትእዛዝና ከመሳሰሉት በቀር ባለቤቱ ያልተጠቀሰ ዓረፍተ ነገር አይቀበልም፤ ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪው ክፍት የሆነውን ቦታ ለመሙላት ሲቸኩል በቅርብ ያገኘውን «አይ» ያስቀምጥበታል። እንዲህ ሲሆን ዓረፍተ ነገሩ «እግሬን ጎዳሁት» የሚል ይሆናል፤ ሰሚውም ወድቆ፣ ተጋጭቶ ወይም ወልከፍ ብሎት ይሆናል ብሎ ያስባል። ሆን ብሎ ራሱን ጎዳ የሚል ግምት ግን አያሳድርም።

ሕመሙን ብቻ ለመናገር የባለቤቱን ቦታ ለታመመው አካል መልቀቅ ነው፦ «ማይ ሌግ ኸርትስ»። ታማሚው ማን እንደ ሆነ «ማይ» ብቻዋን ትናገራለች፤ ስለዚህ የእኛን «ኝ» ለመተካት መጨረሻ ላይ «ሚ» መጨመር አያስፈልግም። «ሚ» ተገቢ ቦታዋን የምታገኘው ጉዳቱ ከሌላ ሲመጣ ነው፤ አንድ ሰው ክንዳችንን አጥብቆ ሲይዘን «ዩ አር ኸርቲንግ ሚ» እንላለን።

አሁን ደግሞ ብዙ መማሪያዎች ቸኩለው የሚያልፉትን የጊዜ ጉዳይ እንመልከት። «ኸርት» እንደ «ፑት» እና እንደ «ከት» ሁሉ በአሁን፣ በኃላፊና በቦዝ ቅርጹ አይለወጥም። በዚህ የተነሳ «ማይ ሌግ ኸርትስ» እና «ማይ ሌግ ኸርት» በአንዲት «ስ» ብቻ ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው አሁን እንደሚያም፣ ሁለተኛው ቀድሞ ያም እንደ ነበር ይናገራል። ሐኪም ፊት ቀርቦ ይህችን «ስ» መዋጥ አሁን ያለውን ሕመም ያለፈ ሊያስመስለው ይችላል። ሁለቱም እግሮች ሲያምሙ ደግሞ «ስ» ከግሡ ወደ ስሙ ትዛወርና «ማይ ሌግስ ኸርት» ይሆናል። የስሜት ግሦች «ኢንግ» አይወስዱም የሚለው የትምህርት ቤት ሕግም እዚህ ላይ አያስጨንቅዎት፤ «ማይ ሌግ ኢዝ ኸርቲንግ» ማለት ይቻላል፣ የትርጉም ልዩነቱም ትንሽ ነው።

ስለ «ፔይን» ለጠየቁት፣ ቃሉ በዕለት ተዕለት ንግግር የሚያገለግለው በስምነቱ ነው። «አይ አም ፔይን» ማለት «እኔ ሕመም ነኝ» እንደ ማለት ነው፤ «አይ አም ፔይንፉል» ደግሞ ተናጋሪውን አሳማሚ ያደርገዋል፣ ሕመምተኛ አያደርገውም። ትክክለኛው «አይ አም ኢን ፔይን» ወይም «አይ ሃቭ ኤ ፔይን ኢን ማይ ሌግ» ነው። በሕንድ እንግሊዝኛ «ማይ ሌግ ኢዝ ፔይኒንግ» ማለት የተለመደ ስለ ሆነ ቢሰሙት አይገረሙ፤ በሌላ ቦታ ግን ለጆሮ እንግዳ ይሆናል።

ሕመሙ ውጋት ሳይሆን ሳይለቅ ቀስ እያለ የሚያሠቃይ ከሆነ «ኤክ» ይሻላል። ራስን፣ ጥርስን፣ ሆድንና ጀርባን ሲያም «ሄድኤክ»፣ «ቱዝኤክ»፣ «ስተመክኤክ»፣ «ባክኤክ» የሚባለው ከዚሁ ነው። ለጉሮሮ ግን «ሶር ትሮት» ይባላል። የ«ኤክ» አጻጻፍ ከአነባበቡ የሚጣላው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1755 መዝገበ ቃላቱን ያሳተመው ሳሙኤል ጆንሰን ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ መስሎት አጻጻፉን ወደዚያው አስጠጋው፣ ቃሉ ግን ጥንታዊ እንግሊዝኛ ነው።

የተጎዳው ስሜት ሲሆንም «ኸርት» ያገለግላል። «አይ አም ኸርት» የሚለው ቆስያለሁ ወይም ከፍቶኛል ሊሆን ይችላልና የሚለየው ዐውዱ ነው። «ተቀይሜአለሁ» ብሎ መተርጎም ግን የሚያጠነክረው ይመስለኛል፤ ቅያሜ በሌላው ላይ የሚያዝ ነገር ሲሆን «ኸርት» የሚናገረው በራስ ላይ የደረሰውን ነው። በንግግር ጊዜ ልብ ከሚባለው «ሃርት» እንዳይምታታም አፍን እምብዛም ሳይከፍቱ ማለት ይበጃል።

ጥያቄ፦ የሥራ ባልደረባዬ «ኢት ዎንት ኸርት ቱ አስክ» አለችኝ። ስለ ምን ሕመም ነው የምታወራው?

መልስ፦ ሕመም የለበትም፤ «ብትጠይቂ ክፋት የለውም» ማለቷ ነው። ያው «ዎንት ኸርት» መርፌ ሊወጋ ከተዘጋጀ ሐኪም አፍ ሲወጣ ግን ቃል በቃል «አያምም» ማለት ነው። «ዉድንት ኸርት» ተብሎ «ዩ» ሲጨመርበት ደግሞ ቃናው ይለወጣል፤ «ኢት ዉድንት ኸርት ዩ ቱ ሄልፕ» ማለት «ብትረዳኝ ምን ትሆናለህ?» ከሚለው ወቀሳችን ጋር አንድ ነው፤ ስለዚህ ለአለቃም ሆነ ለታላቅ ሰው ባይጽፉት ይመረጣል።