ከቤት ሆኖ ልብስ እየሰፉ መሸጥ፦ ጥያቄና መልስ

ስፌት የምትችሉና ከቤታችሁ ሆናችሁ በብር መስፋት ያሰባችሁ፣ ጥያቄያችሁን ጻፉ። ዛሬ እትዬ ይመልሳሉ።

ከደሴ፦ እትዬ፣ እንደምን ዋሉ? እስካሁን ለቤተሰብ ብቻ ነው የምሰፋው። ለሰው መስፋት ብፈልግ ከምን ልጀምር?

እትዬ፦ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። ከአንድ ዓይነት ልብስ ጀምሪ፤ ወይ ጅልባብ፣ ወይ ጀለቢያ፣ ወይ የልጆች ዩኒፎርም። ሞዴሉን በካርቶን በሦስት ወይም በአራት ልክ ቆርጠሽ ስታስቀምጪ ነው እጅሽ የሚፈጥነው። ሁሉንም እሰፋለሁ ካልሽ ለእያንዳንዱ ደንበኛ እንደ አዲስ ትጀምሪያለሽ። ይኼን ደግሞ ከአሁኑ ያዢ፦ የጥጥ ጨርቅ ሳይነከር መቀስ አይንካው።

ከሐይቅ፦ እኔ የሀበሻ ቀሚስ ነው የምሰፋው። አንዷ ደንበኛ ካጠበችው በኋላ አጠረ ብላ መለሰችልኝ። ስፌቴ ላይ ይሆን ችግሩ?

እትዬ፦ አብሽሪ፣ ስፌትሽ አይደለም፤ ጨርቁ ነው። ሸማ የሚሸመነው ድሩ (በርዝመቱ የሚሄደው ክር) ተወጥሮ ነው። ውሃ ሲነካው ያ ውጥረት ይለቅና ክሩ ይሰበሰባል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ በድሩ በኩል የሚያጥረው በማጉ (በወርዱ በሚሄደው ክር) በኩል ከሚጠበው ይበልጣል። በግምት አትሥሪ፤ ለኪው። ከጨርቁ ጫፍ ገባ ብለሽ በድሩ አቅጣጫ ልክ 50 ሳንቲም ሜትር፣ በማጉም አቅጣጫ እንዲሁ 50 ለክተሽ ጫፍና ጫፉ ላይ ቀለም በማይለቅ ክር ምልክት ስፊ። ከዚያ ጨርቁን በሙሉ ለብ ባለ ውሃ ግማሽ ሰዓት ንከሪው። ጠምዝዘሽ አትጭመቂው፤ ጥላ ውስጥ ዘርጊው፤ ትንሽ እርጥበት እንዳለው በካውያ ተኩሺውና ምልክቱን ደግመሽ ለኪ። 50 የነበረው 48 ከሆነ ከመቶ 4 ሄደ ማለት ነው። ቁመቱ 140 በሆነ ቀሚስ ላይ 5 ሳንቲም ከግማሽ ይሆናል፤ ደንበኛሽ አጠረብኝ ያለችው ይኼንኑ ነው። ሳሳ ብሎ የተሸመነ ከሆነ ሁለቴ ንከሪው፤ በሁለተኛው ልኩ ካልተለወጠ ያን ጊዜ ቁረጪ።

ጥበቡን ደግሞ ከመንከርሽ በፊት በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጠበቅ አድርገሽ እሺው። ነጩ ቀለም ከያዘ ለባለቤቷ ሳትነግሪ ውሃ እንዳታስነኪው። ገበሩንም አትርሺ። ፖሊስተር ገበር አያጥርም፤ ሸማው ሲያጥር ገበሩ ከሥር ብቅ ይላል። ከቀሚሱ 3 ሳንቲም አሳጥረሽ ለብቻው ቀምቅሚው።

ከወልዲያ፦ የቱን ማሽን ልግዛ?

እትዬ፦ ለምን ሥራ? ምን ዓይነት ጨርቅ? እንዲህ እየጠየቃችሁኝ እንዴት ልመልስ? ለጀማሪ ከሆነ ባለ ፔዳሉ ሲንጀር ይበቃል።

ከኮምቦልቻ፦ ይቅርታ እትዬ፣ በዚህ አልስማማም። ፔዳሉ ከፋብሪካው ማሽን ጋር በፍጥነት አይገናኝም። ሰርቮ ሞተር (ስትሰፊ ብቻ የሚዞር ሞተር) ከተገጠመለት ሲቆም መብራት እምብዛም አይበላም፤ ድምፁም ትንሽ ነው። በፔዳል እየሰፋች ዩኒፎርም መቼ ታደርሳለች?

ከደሴ፦ መብራት ሲጠፋስ? በሻማ ሞተር ይዞራል እንዴ?

ከኮምቦልቻ፦ የጠፋ ጊዜ ትቆርጣለች፣ ትቀመቅማለች። እጅ ሥራ አይፈታም።

ከደሴ፦ ወላሂ፣ የዒድ ዋዜማ ከጠፋ ደንበኛው "ቀምቅሚ" አይልሽም።

እትዬ፦ በቃ፣ አትጨቃጨቁ። ብዙ አንድ ዓይነት ልብስ ለሚሰፋ የኮምቦልቻው ልክ ነው። ሥራው ገና ላልለየለት ግን ሲንጀሩ ላይ ትንሽ ሞተር ማስገጠም ይሻላል፤ መብራት ሲጠፋ ቀበቶውን ወደ ፔዳሉ ትመልሳለች። ሁለቱም ቢሆኑ ቀጥታ ነው የሚሰፉት፤ የጨርቁ ጫፍ እንዳይተረተር ኦቨርሎክ የሚባለው ማሽን ያስፈልጋል። እስክትገዙ ድረስ ስስ ጨርቅ ከሆነ ጫፉን ቅበሩት፦ መጀመሪያ መልካሙ ገጽ ወደ ውጭ ሆኖ ከጫፉ 6 ሚሊ ሜትር ገብታችሁ ስፉ፣ ትርፉን 3 ሚሊ ሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡ፣ ገልብጡትና በውስጥ በኩል በ7 ሚሊ ሜትር ድገሙት። ጫፉ ውስጥ ይቀራል።

ከባቲ፦ ከላይ ስፌቱ ደህና ነው፤ ከሥር ግን ክሩ ይተበተባል። የቦቢኑን (የሥር ክሩን መያዣ) ብሎን አጠበቅሁት፣ አልሻለውም።

እትዬ፦ ብሎኑን ወደ ነበረበት መልሺው! ከሥር የሚተበተበው ብዙ ጊዜ የላይኛው ክር ነው። መርገጫው (ጨርቁን ከላይ የሚጫነው እግር) ወርዶ ክር ካስገባሽ የክር መወጠሪያው ጥርቅም ስላለ ክሩ መካከሉ አይገባም። መርገጫውን አንሺ፣ መርፌውን ወደ ላይ አውጪ፣ ክሩን ከመጀመሪያው አስገቢ። ስፌት የሚዘል ከሆነ መርፌው ነው፦ ደንዟል ወይም ተገልብጦ ገብቷል። ክሩ የሚገባው ረጅሙ ቦይ ባለበት ጎን ነው። መርፌው ለፖፕሊን 14 ቁጥር፣ ለጋባርዲን 16፣ ለጂንስ 18።

ከከሚሴ፦ በወር ስንት ይገኝበታል?

እትዬ፦ ለዚህ መልስ የለኝም።

ከከሚሴ፦ እሺ፣ ዋጋ እንዴት ልተምን?

እትዬ፦ እንዲህ ጠይቂ። ሰዓትሽን ጻፊ፤ መለካቱን፣ መቁረጡን፣ መተኮሱን ሁሉ ጨምረሽ። ለምሳሌ ቀሚሱ 6 ሰዓት ከፈጀ፣ በሰዓት 80 ብር ብትዪ 480 ይሆናል። ክር፣ ዚፕና ማጠንከሪያ 150 ብር ቢሆን 630። ለመርፌ፣ ለዘይትና ለጥገና አንድ አሥረኛውን ጨምሪ፤ 693። ጎረቤት ይህን ያህል ስላስከፈለች ብቻ እሷን ተከትለሽ ዋጋ አትቁረጪ።

ከሐይቅ፦ ቀብድስ? ከጎረቤት ቀብድ መቀበል ነውር ነው እኛ ዘንድ።

ከደሴ፦ ነውሩ ሰፍተሽ ሳይወስዱልሽ ሲቀር ነው። የክሩ ብር ከማን ኪስ ይወጣል?

ከሐይቅ፦ ጎረቤት ነገ ሐዘኔን ደስታዬን ይካፈለኛል። በ100 ብር አልቀየረውም።

እትዬ፦ የእጅ ዋጋሽን በኋላ ተቀበያት፤ የዚፑንና የክሩን ግን ራሷ ገዝታ ታምጣ። ቀብድ ማለት ሳያስፈልግ ነገሩ ያልቃል። ልኳንና የቀጠሮዋን ቀን በደብተር ጻፊ፣ አጠገቡ ከጨርቋ ቁራጭ በስፒል አያይዢ። ጨርቁ ጥጥ ከሆነ ደግሞ ነክረሽ ነው የምትቆርጪው።

ከመርሳ፦ ለጀማሪ የቱ ማሽን ይሻላል?

እትዬ፦ ከላይ መልሻለሁ፤ አንብቡ እንጂ።

ከደሴ፦ ንግድ ፈቃድ ያስፈልገኛል?

እትዬ፦ የከተማሽን ንግድ ጽሕፈት ቤትና ገቢዎችን ጠይቂ። ደንቡ ይለዋወጣል።

ከወልዲያ፦ ማሽኑን የጠየቅሁት ለዩኒፎርም ነበር። ከትምህርት ቤት ትዕዛዝ ብይዝስ?

እትዬ፦ ጎሽ፣ አሁን ገባኝ። የሁሉንም ጨርቅ ከአንድ ጣቃ ግዢ፤ ከሁለት ጣቃ ከሆነ ቀለሙ ሊለያይ ይችላል፤ ልጆቹ ሰልፍ ላይ ሲቆሙ ይታያል። ለልጅ ስትሰፊ ቅምቅማቱን 7 ሳንቲም፣ የሱሪውን የኋላ ስፌት 3 ሳንቲም አትርፊ፤ ቅምቅማቱን በእጅ ስፊው፣ ልጁ ሲያድግ እናትየው በቀላሉ ትፈታዋለች። ኪስና የእጅጌ ቀዳዳ ጫፍ ላይ ወደ ኋላ መለስ እያልሽ አጥብቂ፤ ቀድሞ የሚቀደደው እሱ ነው። መጀመሪያ አንድ ብቻ ሰፍተሽ ልጅ አልብሰሽ እዪ፣ ከዚያ ነው ሌላውን የምትቆርጪው። ነሐሴ ሲጋመስ ትዕዛዝ ዝጊ።

ከወልዲያ፦ የዩኒፎርም ጨርቅም ይነከራል? ጥጥ መሆኑን በምን ልወቅ?

እትዬ፦ ከጨርቁ ጫፍ ክር መዘሽ በቆርቆሮ ክዳን ላይ አቃጥዪው። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፤ አመዱ በጣት ሲነኩት ይበናል። ፖሊስተር ይቀልጥና እንደ ዶቃ ይጠጥራል፤ እሱን አትንከሪ። ሁለቱንም ካሳየሽ ቅይጥ ነውና ንከሪው።