ያበጠ አገጭ፣ የሚዞር ጠቦት፣ የሚያስል ፍየል

የበግና የፍየል ጤና፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ «መድኃኒት ሰጥቼ ነበር፣ አልሠራም» የሚሉ ናቸው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመድኃኒቱ ሳይሆን የወቅቱ ወይም የበሽታው አለመታወቅ ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ ረዘም አድርገን መልሰናል።

«ስድስት በጎች አሉኝ። የጣና ውኃ ሲሸሽ ዳር ዳሩን ነው የሚግጡት። በመስከረም መጨረሻ ለሁሉም አልበንዳዞል አዋጥኳቸው። በታኅሣሥ የሁለቱ አገጭ ሥር አብጦ ተንጠለጠለ፤ አንዷ ሞተች። የሸጡልኝ መድኃኒት የውሸት ይሆን?» (ከደምቢያ፣ ቆላ ድባ)

መድኃኒቱ ትክክለኛ ቢሆንም እንኳ ይኸው ይደርስ ነበር። የገለጹልን ነገር የጉበት ትል ይመስላል። አልበንዳዞል ደግሞ ከጉበት ትል የሚገድለው ያደገውን ብቻ ነው።

የትሉ እንቁላል ከበጠጥ ጋር ወጥቶ ውኃ ውስጥ ይፈለፈላል፤ ከዚያ ጭቃ ላይ በምትኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ከቀንድ አውጣዋ ሲወጣ እርጥብ ሣር ላይ ተጣብቆ በሽፋን ተጠቅልሎ ይቆያል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ውኃው እየሸሸ ሲሄድ ሌላው ግጦሽ ይደርቃል፤ ለምለም ሆኖ የሚቀረው ያው የተበከለው ዳርቻ ነው። በጓ ስትውጠው ትሉ አንጀቷን በስቶ ወደ ጉበት ያልፋል፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት የጉበቱን ሥጋ እየበሳ ይጓዛል። ወደ ሐሞት ቱቦ ገብቶ እንቁላል መጣል የሚጀምረው ከተዋጠ ከ10 እስከ 12 ሳምንት በኋላ ነው። እርስዎ በመስከረም መጨረሻ ሲሰጡ በጉበታቸው ውስጥ የነበረው ገና ለጋ ትል ነው፤ ከዚያ በኋላም በየቀኑ አዲስ ሲውጡ ከርመዋል።

ላቦራቶሪም በዚህ ወቅት ያሳስታል። በጥቅምት በጠጥ አስመርምረው «እንቁላል የለም» ቢባሉ ትሉ የለም ማለት አይደለም፤ እንቁላል የሚጥልበት ዕድሜ ላይ አልደረሰም ማለት ሊሆን ይችላል። በጥር የሚደረገው ምርመራ ይበልጥ ይታመናል።

ስለዚህ ለእንደ እርስዎ ዓይነቱ ረግረግ ዳር የሚከተለውን እንመክራለን። በኅዳር ትራይክላቤንዳዞል ይስጡ፤ ለጋውንም ያደገውንም የሚገድለው እሱ ነው። በጥር መጨረሻ ወይም በየካቲት አልበንዳዞል ወይም ኦክሲክሎዛናይድ ያለበት መድኃኒት ይበቃል፤ የቀረው አብዛኛው አድጓልና። ከዚያ በግንቦት መጨረሻ፣ ክረምቱ ሳይገባ አንድ ጊዜ ይደግሙታል። ይህኛው የሚጠቅመው ለበጎቹ ብቻ አይደለም፤ እንቁላሉ ዝናቡን አግኝቶ ወደ ቀንድ አውጣዋ እንዳይደርስ ያደርጋል። ጎረቤቶች በአንድ ሳምንት ካልሰጡ ግን የጋራ ግጦሽ አይጸዳም። ከብቶችም ይህንኑ ትል ስለሚያራቡ አብረው መታከም አለባቸው።

መጠኑን በግምት አይስጡ። ለጉበት ትል አልበንዳዞል በኪሎ 7.5 ሚሊ ግራም ነው፤ ስለዚህ ባለ 300 ሚሊ ግራም ፍሬ ለ40 ኪሎ በግ ይበቃል። 2.5 በመቶ የሆነው ፈሳሽ ከሆነ ለየ10 ኪሎው 3 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። ትራይክላቤንዳዞል በኪሎ 10 ሚሊ ግራም ነው፤ 5 በመቶው ፈሳሽ ከሆነ ለ30 ኪሎ በግ 6 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። አንዱን ፍሬ ለሁለት በግ ማካፈል ትሉን ከመድኃኒቱ ጋር ያላምደዋል እንጂ ገንዘብ አያድንም። አልበንዳዞል በእርግዝናዋ የመጀመሪያ ወር ላለች በግ አይሰጥም፤ ጽንሱን ያበላሻል። በእኛ አካባቢ አውራው ዓመቱን ሙሉ ከመንጋው ስለማይለይ የትኛዋ መቼ እንዳረገዘች አይታወቅም፤ ለእናት በጎች ትራይክላቤንዳዞልን የምንመርጥበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው።

ሲያዋጡ የበጓን አፍ ወደ ሰማይ አያንሱ። አገጯን ከጀርባዋ እኩል ይያዙ፤ መርፌ የሌለውን ሲሪንጅ በአፏ ጎን አስገብተው በምላሷ ላይ ወደ ኋላ ቀስ ብለው ይልቀቁት። ጭንቅላቷ ወደ ላይ ከቀና ፈሳሹ ሳንባ ይገባል፤ በማግስቱ የሞተች በግ ብዙ ጊዜ የምትሞተው ከመድኃኒቱ ሳይሆን ከአያያዙ ነው።

አሁን አገጯ አብጦ ለቀረችው በግ፦ የታች ዓይን ሽፋኗን በአውራ ጣትዎ ወደ ታች ሳብ አድርገው በፀሐይ ብርሃን ይዩት። ቀይ ወይም ደማቅ ሮዝ ከሆነ ደህና ነው፤ እንደ ወረቀት ከነጣ ደሟ አልቋል፣ ዛሬውኑ ሕክምና ያስፈልጋታል። ደም መጣጩ የጨጓራ ትልም ዓይንን ያነጣል፣ አገጭንም ያሳብጣል። ሁለቱን ለመለየት በጠጡን ወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ያስመርምሩ። ለበዓል ሲያርዱም ጉበቱን ሰንጥቀው ይመልከቱ። የሐሞት ቱቦው ደንድኖ ነጭ ገመድ ከመሰለ ጨመቅ ያድርጉት፤ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ግራጫማ ቅጠል የመሰለ ነገር ከወጣ ትሉ እሱ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በድንገት የሞተ በግ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ደም ከፈሰሰ ለማየት ብለው አይክፈቱት፤ አይግፈፉት። አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል ለሰውም ያሰጋል። ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ያሳውቁ።

«የስምንት ወር ጠቦቴ አንገቱን አዘንብሎ ወደ አንድ ጎን ይዞራል፤ ከመንጋው ይቀራል። አዙሪት ነው አሉኝ። አይቨርሜክቲን አስወጋሁት፣ ለውጥ የለም። ምን ይሻላል?» (ከዳባት)

አዙሪት ከሆነ መርፌው አይነካውም። በአንጎሉ ውስጥ ውኃ የቋጠረ ከረጢት አለ፤ ውስጡ ያለው የውሻ ኮሶ ትል እጭ ነው። ከረጢቱ ካደገ በኋላ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ከረጢቱ ላይ ያለው የራስ ቅል አጥንት በጣት ሲጫኑት የሚላላ ከሆነ ሊሳካ ይችላል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ስላለ ባለሙያዎቹን ማማከር ይችላሉ። ካልሆነ ጠቦቱ ሳይከሳ ማረዱ ይሻላል።

ከዚያ በፊት ግን ሌላ በሽታ አለመሆኑን ያረጋግጡ። አዙሪት በሳምንታት ቀስ እያለ ይብሳል፤ ትኩሳት የለውም። በአንድ ሁለት ቀን የጀመረ፣ ትኩሳት ያለበት፣ አንድ ጆሮውና ከንፈሩ የተንጠለጠለ ከሆነ ሊስቴሪያ የተባለው፣ ባክቴሪያ የሚያመጣው የአንጎል በሽታ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ቶሎ ከተደረሰበት በአንቲባዮቲክ ይታከማል። ደጋግሞ የሚያነጥስና ንፍጥ የሚበዛበት ከሆነ የአፍንጫ ዝንብ እጭ ነው፤ አይቨርሜክቲን የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ዋናው ሥራ ያለው ውሻው ላይ ነው። የበግ ጭንቅላት ለውሻ መወርወር ከቀጠለ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ጠቦት ይዞራል። ጭንቅላቱን ያቃጥሉ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቅበሩ። ለውሻው ፕራዚኳንቴል በኪሎ 5 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ባለ 50 ሚሊ ግራሙን አንድ ፍሬ ለ10 ኪሎ፣ ቢያንስ በየሦስት ወሩ ይስጡት። ከሰጡት በኋላ ለሦስት ቀን አስረው ኩሱን ይቅበሩ። ውኃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባም እንዲሁ ለውሻ አይሰጥም፤ ከዚያ የሚመጣው ትል ሰውን ይይዛል፣ በተለይ ከውሻ ጋር የሚጫወቱ ልጆችን።

«ለማድለብ አምስት ፍየሎች ከገበያ ገዝቼ ከነበሩት ጋር ቀላቀልኩ። በሳምንቱ ሁሉም ማሳል ጀመሩ። አሁን ላስከትባቸው?» (ከጎንደር ከተማ)

አሁን ክትባት አይደለም የሚያስፈልገው፤ የታመመን ክትባት አያድንም። አፋቸውን ከፍተው ይዩ። ድዳቸው ቆስሎ የሚሸት ከሆነ፣ ዓይንና አፍንጫቸው ከፈሰሰ፣ ተቅማጥም ካለ የበግና የፍየል ደስታ በሽታ ነው ብለው ይጠርጥሩ፤ በጎችንም ይይዛል። አፋቸው ደህና ሆኖ አንገታቸውን ዘርግተው በጭንቅ የሚተነፍሱና ፍየሎቹ ብቻ የታመሙ ከሆነ ወደ ተላላፊው የፍየል ሳንባ በሽታ ያመዝናል፤ እሱ በኦክሲቴትራሳይክሊን ወይም በታይሎሲን ይታከማል። ሁለቱም በሕግ ሪፖርት የሚደረጉ ስለሆኑ ወረዳውን ያሳውቁ፤ እንስሳቱንም ወደ ገበያ አይመልሱ።

በሚቀጥለው ግዢ አዲሶቹን ለሦስት ሳምንት ለብቻ ያቆዩ፤ የውኃ ዕቃቸውም የተለየ ይሁን። የደስታ ክትባት ቢሾፍቱ ይመረታል፤ አንድ ጊዜ 1 ሚሊ ሊትር ከቆዳ ሥር ተሰጥቶ ቢያንስ ለሦስት ዓመት ይከላከላል። ነገር ግን ከበረዶ ሳጥን ውጪ ከዋለ ዋጋ የለውም፤ ከታቢው ከምን ውስጥ እንዳወጣው ቆመው ይዩ።

«ለቅማልና ለመዥገር ዳያዚኖን ስንት ላድርግ?» (ከማክሰኚት)

60 በመቶው ከሆነ በአንድ ሊትር ውኃ 1 ሚሊ ሊትር፤ ከሆድ ሥርና ከብብት ጀምረው እስከ ቆዳው ያርሱት፤ በ14 ቀን ይድገሙት። ጓንት ያድርጉ፣ ነፋስ ባለበት አይርጩ፣ የሚጠቡ ግልገሎችን የእናታቸው ጡት ላይ ያረፈው ርጭት እስኪደርቅ ያርቁ። የተረፈውን ወንዝ ውስጥ አይድፉ፤ ዓሣ ይፈጃል።