አመዱን ለብሎኬት ከማሰብህ በፊት

ወንድሜ፣ «ከቆሻሻ ማቃጠያ የወጣ አመድ በነፃ ውሰድ ተብያለሁ፣ ብሎኬት ይወጣዋል? ውስጡ ያለው ብረትስ ያዋጣል?» ላልከው፣ እኔ ዓለም ገና ከተማ ብሎኬት ስሠራ ይህንኑ ሞክሬ ከስሬበታለሁና ልንገርህ።

መጀመሪያ የትኛው አመድ እንደሆነ ጠይቅ። ከጭስ ማጣሪያው የሚሰበሰበው ደቃቅ ዱቄት ከሆነ እርሳስና ካድሚየም የሚባሉ መርዛማ ብረቶች፣ ዳዮክሲን የሚባል መርዝም አለበት፤ ከፍለውህም አትንካው። የክሊኒክ ማቃጠያ አመድም ይቅርብህ፣ መርፌው ሳይቀልጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል።

ከምድጃው ሥር የሚወርደው ሻካራው ግን ሌላ ነው። አውሮፓ ውስጥ ከዚህ አመድ ከ5 እስከ 10 በመቶው ብረት ነው። እኛ ጋ ያን ያህል አትጠብቅ፤ ቆሻሻው እሳት ሳያይ ቆራሌው ጥሩ ጥሩውን ለቅሞታል። እኔ ከተበላሸ ስፒከር ያወጣሁትን ማግኔት ዱላ ላይ አስሬ ስጎትት ሚስማር፣ ሽቦና የቆርቆሮ ክዳን ነው የወጣልኝ። ገዢው ደግሞ «የተቃጠለ ነው» ብሎ ዋጋውን ቆረጠው።

ገንዘቡ ያለው አሉሚኒየሙ ላይ ነው። በ660 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ምድጃው ውስጥ ይንጠባጠብና አመዱ ውስጥ እንደ ጠጠር ይቀራል። ማግኔት አይስበውም። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች በፍጥነት የሚሽከረከር ማግኔታዊ ከበሮ አላቸው፣ አሉሚኒየሙንና መዳቡን ከአመዱ አስፈንጥሮ ይለያል። እኔ በወንፊትና በእጅ ለቀምኩ፤ ትልልቁን አገኘሁ፣ ደቃቁ ቀረ።

ጉድ ያደረገኝም ያ የቀረው ነው። ገና ከምድጃው የወጣውን አመድ በፑሚስ (በቀላሉ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ፈንታ ከሲሚንቶ ጋር አቦካሁት። አሉሚኒየም ከሲሚንቶው አልካሊ (እንደ ኖራ ከሚያቃጥለው ነገር) ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጂን ጋዝ ያወጣል፣ ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። በማግስቱ ብሎኬቱ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቶ ጠበቀኝ፣ በሳምንቱ ተሰነጠቀ። 60 ብሎኬት፣ ከነሲሚንቶው።

ኔዘርላንድና ዴንማርክ ለመንገድ ሥር ሙሌት የሚጠቀሙበት እኮ ብረቱን አውጥተው፣ ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ደጅ ከምረው ነው። አየሩ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አልካሊውን ያበርደዋል፣ እርሳሱም በቀላሉ አይታጠብም። ከክምሩ የሚወርደው ውሃ ይጠራቀማል እንጂ ወደ ሰው ጉድጓድ አይለቀቅም። አንተ ግቢ ክረምት ሲገባ ማን ይይዘዋል?

ስለዚህ ከፈቀዱልህ ጓንትና ማስክ አድርገህ ብረቱን እዚያው ልቀም፣ አመዱን እዚያው ተወው። ለብሎኬቱ ፑሚስህን ቀጥል። ካላመንከኝ የተሰነጠቁት አጥሬ ሥር ተደርድረዋል፣ መጥተህ እያቸው።