በ27 ዓመቴ ትያትር ብጀምር ይረፍድብኛል?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ዕድሜዬ 27 ነው። ባነርና ታፔላ ዲዛይን እያደረግኩ እተዳደራለሁ፤ ሥራው አይከፋም። ልቤ ግን ያለው ትያትር ላይ ነው። አንድ ቡድን ሄጄ ብጠይቅ «ይህ ከልጅነት የሚጀመር ነው፤ አርፍደሃል» አሉኝ። እውነት አርፍጃለሁ? ሥራዬንስ ልልቀቅ?
የታፔላው ልጅ

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ አላረፈድክም። ላጽናናህ ብዬ አይደለም። ያንተኑ ሥራ ሲሠራ የነበረ አንድ እንግሊዛዊ ስላለ ነው።

አለን ሪክማን ይባላል። የሃሪ ፖተርን ፊልሞች አይተህ ከሆነ ያን ጥቁር ለባሽ፣ ፊቱ የማይፈታ መምህር፣ ስኔፕን ታስታውሰዋለህ፤ እሱን ሆኖ የተጫወተው ሪክማን ነው። የተወለደው በ1946 ለንደን ውስጥ ነው፤ ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምነግርህ። አባቱ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። እሱ 8 ዓመቱ ሳለ ሞቱና እናቱ አራት ልጆች ይዘው ቀሩ። ግራፊክ ዲዛይን ተማረ፣ ከጓደኞቹ ጋር ስቱዲዮ ከፈተ፣ ሥራውም ሄደለት። 26 ዓመት ሲሆነው ግን «ፈትኑኝ» ብሎ ራዳ ለሚባለው የለንደን የድራማ አካዳሚ ጻፈ። ተቀበሉት።

እኔን የያዘኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እየተማረ ራሱን የሚደጉመው ተዋንያን በማልበስ ነበር። ስመ ጥሮቹን የእንግሊዝ ተዋንያን ራልፍ ሪቻርድሰንንና ናይጀል ሆውቶርንን አልብሷል። እኔም እዚሁ ባሕር ዳር ብዙ ዓመት የሠራሁት ትያትር አልባሳት ክፍል ነው። መብራት ሲጠፋ ተዋናዩ ከመድረክ ሮጦ ይመጣል። ጋቢውን ገፍፌ ኮት አለብሰዋለሁ። መርፌ ቁልፎቼን ነጠላዬ ጫፍ ላይ ደርድሬ ነው የምጠብቀው። በዳበሳ ስቆልፍለት ደረቱ እንደ ወናፍ ይነፋል። ከዚያ አንዴ ቀስ ብሎ ይተነፍሳል፤ ትከሻው ይወርዳል፤ ሌላ ሰው ሆኖ ይገባል። ያቺን ትንፋሽ ከተመልካች ወንበር ላይ አታገኛትም።

ሪክማንም ቶሎ አልታወቀም። ለዓመታት መድረክ ላይ ሠራ፤ ሮያል ሼክስፒር ካምፓኒ የሚባለው ትልቅ የእንግሊዝ ትያትር ቡድንም ገባ። በ1985 ቫልሞንት የሚባል ሴቶችን የሚያታልል ባላባት ሆኖ መድረክ ላይ ተጫወተ። ትያትሩ በ1987 ኒው ዮርክ ሲታይ ቶኒ ለሚባለው ትልቅ የአሜሪካ የትያትር ሽልማት ታጨ። የመጀመሪያ የሲኒማ ፊልሙ ዳይ ሃርድ ነው። ፊልሙ በ1988 ሲወጣ ሰውየው 42 ዓመቱ ነበር! በ2016 በ69 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ከመድረኩም አልራቀም።

ሥራህን አትልቀቅ። እንጀራህ ነው፤ ትያትር ቤትም ይፈልገዋል። ማለዳ ማለዳ ወደ ጣና ዳር ውረድ። ታንኳ ቀዛፊዎቹ ሲጠራሩ ስማቸው፤ ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ አይጮኹም፣ ድምፃቸው ግን ውሃውን አቋርጦ ይደርሳል። ሪክማንም ሰው የሚይዘው በዝግታና ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር። አንተም እዚያው ቆመህ አንድ ገጽ አንብብ።

ያን ቡድን ደግሞ ተመልሰህ ጠይቅ። አሁን «ተዋናይ ልሁን» አትበላቸው። «ፖስተር እሠራለሁ፣ የመድረክ ጀርባ እስላለሁ፣ ልብስም አለብሳለሁ» በላቸው። ልምምድ ላይ ያስቀምጡሃል። መርፌ ቁልፍ ይዘህ ሂድ፤ ሁልጊዜ ይጎድላል።